ለጫቱ የምንጸልይላት ሴት

ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። ነገሩን ሌሎች በየቤቱና በየስልኩ ሲያወሩት ኖረዋል፤ አሁን ተራው የእኔ ነው።

ዛሬ ሁሉም ጭሮ በሚላት፣ እኔ ግን አሰበ ተፈሪ ማለቱን መተው ባቃተኝ ከተማ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ልብስ ሰፍቻለሁ። አብዛኛውን ዘመን የሰፋሁት ጫት እየቃምኩ ነው። ሌላ አገር ብናገረው ሰው ይደነግጥ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ባዶ የሆነ ጉንጭ ነው የሚያስገርመው። ምሳ ተበልቶ፣ በሩ ገርበብ ተደርጎ፣ ቅጠሉ ቦታውን ሲይዝ የስፌት መኪናዬ ራሱ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። የሙሽራ ቀሚስ ጀምሬ ቀና ሳልል እጨርስ ነበር።

ጌታን ካመንኩ በኋላ ጫቱን ተውኩ። ማንም አላስገደደኝም። እሑድ ስብከቱ ሲረዝም ሰዓቴን ደጋግሜ የማየው ርቦኝ ሳይሆን የጫት ሐራራዬ እየደረሰ እንደሆነ አንድ ቀን ገባኝና አፈርኩ። "ተውኩ" ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ማዛጋቱን፣ የዓይን ማልቀሱን፣ ያለ ምክንያት በደንበኛ ላይ መጮሁን የሚያውቀው የተወ ሰው ብቻ ነው። ስምንት ሰዓት በመጣ ቁጥር አንድ ሰው በሬ ላይ ቆሞ በስሜ የሚጠራኝ ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ ረቡዕ የሴቶች የጸሎት ኅብረት ነበረን። የምትመራን በእድሜ አሥራ አምስት ዓመት የምታንሰኝ አስተማሪ ነበረች። ድምጿ ያምራል፣ እንባዋ ቅርብ ነው። ድካምን ለእህት መናገር ግማሽ ድል ነው ትለን ነበር። እኔም የዋህ ሆኜ አመንኳት።

በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያናችን መቻራ ከተማ ለሚደረግ ጉባኤ አሥራ ስምንት የመዘምራን ልብስ እንድሰፋ አዘዘችኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ያለ ጫት የምሰፋው የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ለእግዚአብሔር ቤት ሊሆን ነው። አምስተኛው ላይ ስደርስ ግን እጄ ከዳኝ። የሰፋሁትን እተረትራለሁ፣ የተረተርኩትን ደግሞ አጣምሜ እሰፋለሁ። አንድ እስር ጫት ብይዝ ሥራውን በሁለት ቀን እንደምጨርሰው አውቃለሁ። ክፋቱ ማወቄ ነው።

ለአስተማሪዋ ነገርኳት። ለእሷ ብቻ። እጄን ይዛ አለቀሰች፣ ጸለየችልኝ፣ ቀለል ብሎኝ ተለያየን።

በሳምንቱ የተማሪ ዩኒፎርም ላደርስ ሌላ ከተማ፣ መሰላ ሄድኩ። ገበያው መሃል ቆማ የነበረች፣ ዓይቻት የማላውቅ ሴት የጌታን ሰላምታ ሰጠችኝና እጄን አልለቅ አለች።

"ከአሰበ ተፈሪ ነሽ አይደል? ልብስ ሰፊ ነሽ?"

"አዎ።"

"ውይ እህቴ! ለጫቱ የምንጸልይልሽ አንቺ ነሻ!"

በሹክሹክታ አይደለም የተናገረችው። አጠገባችን ሽንኩርት ስትመርጥ የነበረች ሌላ ሴት ቀና ብላ ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ።

"አይዞሽ፣ ተስፋ አትቁረጪ" አለች ያችኛዋ። "እየጾምንልሽ ነው።"

ከመሰላ እንዴት እንደተመለስኩ አላስታውስም። በቀጥታ አስተማሪዋ ቤት ሄድኩ።

"ለማን ተናገርሽ?"

"እትዬ፣ ኧረ ለማንም! የጸሎት ርዕስ ነው ያደረግኩት።"

"መሰላ ድረስ?"

"የእህቶች የቴሌግራም ቡድን አለን እኮ። ብዙ ሰው ሲጸልይ..."

"ስሜንስ?"

"ስምዎንማ አልጻፍኩም! 'አንዲት ልብስ ሰፊ እህታችን' ብቻ ነው ያልኩት።"

በምእመናኑ መካከል ልብስ የምትሰፋ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ስነግራት እውነትም አሁን ገና የገባት መሰለች። ያናደደኝም እሱ ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ይህ የእኛ ሰዎች ጥፋት ነው። ሐሜት ኃጢአት ስለሆነ አናማም። ዓይናችንን ጨፍነን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ የሰውን ገመና በጸሎት ርዕስ እንቀባበላለን። አሜን የሚባልበት ወሬ ስለሆነ የሚመልሰውም የለም።

በማግሥቱ ከኅብረቱ ሦስት ሴቶች መጡ። አስተማሪዋ ከፊት ናት። ሥራው እንደሚያስጨንቀኝና ወደ ቀድሞው ሊመልሰኝ እንደሚችል ተነጋግረውበታል።

"ከፈተና ልንጠብቅዎት ነው እትዬ" አሉኝ። ጨርቁን፣ የተቆረጠውን፣ የተሰፋውንም ሳይቀር ጠቅልለው ወሰዱ። የሰጡት መናኸሪያው አጠገብ ለሚሰፋ ወንድ ነው። ያ ሰው ሲሰፋ ጉንጩ እንደ ድንች እንደተወጠረ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔን ከጫት ለመጠበቅ ሥራዬን ለቃሚ ሰጡት!

ስምንት ሰዓት ሆነ። እጄ ባዶ ነው፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ ለማን ብዬ ነው ራሴን የምጠብቀው? ተነሥቼ ጎረቤቴ ዘንድ ገባሁ። እሷ ሙስሊም ናት፤ ስንት ዓመት አብረን ቅመናል። ምንጣፏ ላይ ተደላድላ፣ እስሩን ጭኗ ላይ አድርጋ እየቀነጠሰች ነበር።

"ስጪኝ" አልኳት።

"ምኑን?" አለች በሞላ ጉንጯ።

"አትቀልጂ።"

"የለኝም።"

"እያየሁት!"

እስሩን በሻርፗ ሸፈነችው። "ወላሂ የለኝም። ለጌታዬ ቃል ገባሁ ብለሽኝ የለ? እኔ እንዳትገቢ ለምኜሽ አልነበር? አቦ፣ ሂጂና እዚያው ከሰዎችሽ ጋር ተጣዪ። ቃል የሚፈርሰው በእኔ ቤት አይደለም።"

ተሳድቤ ወጣሁ። እሷንም እስከ ዛሬ አላመሰገንኳትም።

ጉባኤው አራት ቀን ሲቀረው ልብሶቹ ተመልሰው መጡ። አስተማሪዋ ብቻዋን ነበረች፤ ላብ አጥምቋታል። መዘምራኑ ልብሱን ለክተው እጃቸውን ሲያነሡ ብብቱ ይተረተራል። ሰውየው እጅጌውን በሸሚዝ ልክ ነው የቆረጠው። እጁን ሳያነሣ የሚዘምር ሰው ደግሞ በእኛ ዘንድ የለም።

"እትዬ፣ ከእርስዎ በቀር..." አለችና አቆመች።

ጫት ካቆምኩ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠ ነገር አፌ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። "አይሆንም" ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። አሥራ ስምንት ሰው መቻራ ላይ በተቀደደ ብብት ቆሞ ሲዘምር፣ እሷም ከፊት ሆና ስታፍር ታየኝ። ቃሉን አላመጥኩት። ካላመጥኩት በኋላ ግን ራሴን አውቀዋለሁና ፈራሁ፤ ዛሬ እሷን በደስታ ካባረርኩ ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ጫት ተራ ነኝ። ከኅብረቱም ያን ቀን እወጣለሁ፣ አልመለስም።

"እሠራዋለሁ" አልኳት። "አንቺ ግን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እዚህ ተቀምጠሽ ትተረትሪያለሽ። ስልክሽን ቤትሽ ትተሽ ነው የምትመጪው።"

መጣች። ሦስት ቀን መጣች። መተርተር አትችልም፤ ከክሩ ጋር ጨርቁን ትቆርጣለች፣ ጣቷን ትወጋለች፣ ዝም ማለት ደግሞ አይሆንላትም። ሳዛጋ ታዛጋለች። ሐራራዬ ሲነሣ ምላጩን እነጥቃትና "እንዲህ አይደለም!" ብዬ እጮህባታለሁ። ተነሥታ ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ ሌላ እጅጌ ታነሣለች። በትርፍራፊው ጨርቅ ብብቱን አሰፋሁት።

በሁለተኛው ቀን፣ አንገቷን እንዳቀረቀረች፣ ስለ ራሷ አንድ ነገር ነገረችኝ።

የእኔ ጫት ከእሱ አጠገብ የልጅ ጨዋታ ነው።

"ለምን ለእኔ ትነግሪኛለሽ?" አልኳት።

"እርስዎ ለሰው አይናገሩም።"

መኪናዬን አቁሜ አየኋት። አልሳቀችም። እኔም እጇን ይዤ አላለቀስኩም፤ "በዚያ በኩል ያለውን ተርትሪ" አልኳት። ቀኑ ሲመሽ ግን ቆመን ጸለይን። ጮክ ብለን አይደለም።

በሦስተኛው ቀን አሥራ ስምንቱም አለቁ። ስምንት ሰዓት ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ አለፈ።

መቻራ ላይ መዘምራኑ እጃቸውን እስከ ላይ አነሡ፤ አንድም ክር አልተበጠሰ። ከመድረክ ላይ "ልብሱን የሰፋው ወንድም" ተብሎ ያ የመናኸሪያው ሰውዬ ተመሰገነ፣ ጉባኤው አጨበጨበ። አስተማሪዋ ከጎኔ ነበረች። ተነሥታ ልታርም ትችል ነበር። ጫማዋን አየች። ያንን ይቅር ብያለሁ ብዬ አልዋሽም።

ጫቱ ከተወኝ ቆየ። የቀረኝ ሌላው ሐራራ ነው። እስከ ዛሬ ረቡዕ ረቡዕ የምትመራን እሷው ናት። አንዳንድ ቀን ስለ ንጽሕና ስታስተምረን ምላሴ ያሳክከኛል፤ ማዛጋቱ፣ የዓይን ማልቀሱ፣ ሁሉም እንደ ድሮው ይመጣል። አንድ ርዕስ ብሰጥ መሰላ ድረስ ይጾምላት ነበር። እናንተም ከእኔ አትሰሙትም።

ትምህርቱ ሲያበቃ "የጸሎት ርዕስ ያላችሁ?" ትላለች። ዓይኗ ከሁሉ አስቀድሞ እኔ ላይ ያርፋል።

"የለኝም" እላለሁ።

ያን ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ጸሎት ትጀምራለች።