የምስጋናው ፕሮሰስ

የእንጅባራው አናጺ ምስጋናው እጁ ወርቅ ነው፤ ችግሩ ምላሱ ነው። ለሱቁ ፈቃድ ለማውጣት አንድ ቢሮ ሲመላለስ ከርሞ፣ ከፈቃዱ ጋር አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ይዞ ተመለሰ፦ «ፕሮሰስ»። እሱን ራሱን ስንት ወር ዝም ያሰኘችው እሷ ናትና ወደዳት።

ከዚያ ወዲያ የማትገባበት ጠፋ። እንጨቱ ገና ካልተገዛ ፕሮሰስ ላይ ነው። ተሰንጥቆ እየደረቀ ከሆነም ፕሮሰስ ላይ ነው። ሥራው ጭራሹን ተረስቶ ከሆነ ደግሞ ቃሏን ረጋ ብሎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው የሚላት። እናቱ «ምሳ በላህ ወይ?» ብትለውም መልሱ ያው ነው። እኔ አግዳሚ ወንበር ያዘዝኩት ዐምና ነበር፤ ዛሬም ደጄ ላይ የምቀመጠው ድንጋይ ላይ ነው። ብናደድ አይፈረድብኝም።

የባሰው ግን የጎረቤቴ የዓለምነው በር ነው። አሮጌው በር ምስጥ በልቶት ሲወድቅ፣ አዲስ ሊሠራለት ምስጋናው ተቀበለ። ክረምት ገባ። የእንጅባራን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዓለምነው በበሩ ፈንታ ጆንያ ሰቅሎ ከረመ። አንድ ቀን የሰው ፈረስ በጆንያው በኩል አንገቱን አስገብቶ፣ ለዘር የተቀመጠ ገብሱን ሲቆረጥም ደረሰበት። በንዴት ለአናጺው ደወለ። ምን ተብሎ እንደተመለሰለት አትጠይቁኝ።

ይኸው ምስጋናው ታዲያ የዓለምነውን ልጅ ማናየሽን ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። በኅዳር አንድ የዳንግላ እህል ነጋዴ ሽማግሌ ሊልክባት ነው የሚል ወሬ ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። እኔንና ሁለት አዛውንቶችን ለምኖ፣ ከነጋዴው በፊት ቀድመን እንድንደርስ ላከን። አግዳሚዬን እያሰብኩ ሄድኩ። ምን ይደረግ፣ ሽማግሌ ሁን ሲባል እምቢ አይባል።

እንደ ወጉ ከደጅ ቆመን፣ ጆንያው ፊታችን ላይ እየተርገበገበ፣ «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን መጥተናል» አልን። አባት በዚህ ጊዜ «ከዘመድ ልምከርበት» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ዓለምነው ግን ጆንያውን ገለጥ አድርጎ አንድ በአንድ አየንና፣

«ጉዳያችሁ ፕሮሰስ ላይ ነው» አለን። ጆንያውን መልሶ ለቀቀው።

ሳቄን በጋቢዬ አፍኜ ተመለስኩ።

ምስጋናው ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ገና ከፊቱ ሳንነሳ ማናየሽ ደወለችለት። ድምፅዋ ለሁላችንም ይሰማ ነበር።

«ያቺን ቃል ተዋትና በሩን ይዘህ ና! ነጋዴው እሑድ ሽማግሌ ይልካል። አባዬ በሩን ሳያይ አይሰማህም። እኔስ ብሆን፣ የጀመረውን የማይጨርስ ባል ምን ያደርግልኛል?»

ስልኩን ዘጋችበት። ልጁ እንባው ዱብ ዱብ አለ። እስከዚያ ድረስ «ይበለው» ስል የነበርኩት ሰውዬ፣ «ተነስ፣ መጋዝህን ያዝ» አልኩት።

ከዚያማ የመጋዙ ጩኸት ሰፈሩን አላስቀምጥ አለው። ዓርብ ዕለት ምስጋናው የዋንዛ በር በጋሪ ጭኖ መጣ። እንዴት ያለ በር መሰላችሁ! ማጠፊያው ሲዞር ድምፅ የለው፤ ከመቃኑ ጋር ልክክ ያለ። ዓለምነው ከፈተው፣ ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው። ምስጋናውን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣ «ሽማግሌዎችህ እሑድ ይምጡ» አለው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄደን ገና አረፍ ከማለታችን በሩ ተንኳኳ። የዳንግላው ነጋዴ ሽማግሌዎች ናቸው። ጆንያው ቢሆን ኖሮ እኮ ገለጥ አድርገው ይገቡ ነበር! እኔ ይሉኝታ ይዞኝ ልከፍትላቸው ብድግ ስል፣ ዓለምነው በእጁ አስቀመጠኝና ወደ ልጁ ዞረ።

«ማናየሽ፣ ምን ልበላቸው? ነገሩ ያንቺ ነው» አላት።

ማናየሽ ተነስታ ወደ በሩ ሄደች፤ አልከፈተችም። መዳፏን ዋንዛው ላይ አሳርፋ፣ በትሕትና፣

«አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «የእናንተ ጉዳይ ፕሮሰስ ላይ ነው።»

ዓለምነው ተነሳና መቀርቀሪያውን ራሱ ገፍቶ በሩን ቆለፈው።