የቡላ መንጋጋ

ቡላ መጀመሪያ የጮኸው አጥንት ሲያነሳ ነው። ጮኸ፣ አጥንቱን ጣለ፣ እኔን አየኝ። ጥርሱን አሞት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ውሎ ሲያድር ከዓይኖቹ በላይ ግራና ቀኙ አበጠ፤ ዓይኖቹም ወደ ውጭ ገፉ። በሳምንቱ አፉ አልከፈት አለ።

ይህን የምጽፈው እንደ እሱ ያለ ውሻ ለምታሳድጉ ነው። ዛሬ ደሴም አዲስ አበባም ጎልደን ሪትሪቨር የሚሉትን ወርቃማ ውሻ በገመድ ይዘው ሲያዘግሙ አያለሁ። በእኔ ጊዜ ከተማችን መካነ ሰላም ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የእኔ አልነበረም። በድርቁ ጊዜ የረሃብተኞች መጠለያ ውስጥ ትሠራ የነበረች አንዲት ነጭ ነርስ፣ አብዮቱ መጥቶ አገር ልቀቂ ስትባል፣ «በቅሎ ነጋዴ እንስሳ ያውቃል» ብላ እኔ ዘንድ በአማና፣ በአደራ አስቀመጠችው። ስሙን ነግራኝ ነበር፤ ለምላሴ ስላልተመቸ በመልኩ ቡላ አልኩት። ለጥበቃ አይረባም። ሌባ ቢመጣ ጭራውን እየቆላ በረቱን የሚያሳየው እሱ ነው። አማና ግን አማና ነው። እስላም ነኝና የውሻ ምራቅ በነካኝ ቁጥር ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር እታጠባለሁ። ባለቤቴ ፋጡማ «አንተ ሰውዬ፣ ውኃውን እኮ የምቀዳው እኔ ነኝ!» ትለኝ ነበር።

የእኔ እንጀራ አፍ መክፈት ነው። በቅሎ ዕድሜዋን አትናገርም፤ ሻጩም አይናገርም። ከንፈሯን ገልበህ ጥርሷን ታያለህ። እምቢ ካለች ጥርስ በሌለበት ድድ በኩል አውራ ጣትህን ታስገባለህ፤ ወዳ ሳይሆን በግዷ ትከፍታለች። የቡላንም እንደዚያው ሞከርኩ። ጣት አይገባም። በእንጨት ልፈለቅቀው ስል ጮኸ። የሰው ጩኸት ነበር። እንጨቱን ጣልኩ።

ከዚያ ምራቁ ይዝረበረብ ጀመር። ውኃ ያያል፣ አይጠጣም። ከሳ።

በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ ውሻ ሁሉ ይገደል ተብሎ ነበር። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ታደሰ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ አስከትሎ ከደጄ ቆመ።

«አያ ሰይድ፣ አይቀየሙኝ። ይህ ውሻ አብዷል።»

«ጓድ፣ ያበደ ውሻ አይተህ ታውቃለህ?»

«ስንቱን!»

«አገጩስ?»

«ይንጠለጠላል።»

«በል ቀረብ ሳትል እየው። ያበደ መዝጋት ነው የሚያቅተው። ይሄ መክፈት ነው ያቃተው።»

ጥበቃው ሳቀ። «አያ ሰይድ ደግሞ ዛሬ ውሻ ሊሸጡልን ነው!»

ጓድ ታደሰ አልሳቀም። ቡላን ብዙ አየው። «ከላላ ከተማ የከብት ክትባት ሐኪም መጥቷል አሉ። ይውሰዱት። ሰው ከነከሰ ግን የምጠይቀው እርስዎን ነው» አለና ሄደ።

ቡላን ጆንያ ውስጥ ከትቼ፣ አንገቱን ብቻ አውጥቼ፣ በጭነት በቅሎ ላይ ጫንኩት። በቅሎዋ ከላላ እስክንገባ ጆሮዋን እንደጣለች ነው የሄደችው፤ ክብሯ ተነክቷል።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። የአገጩን ነገር ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። እጅዎን አፉ ውስጥ ከተዋል?»

«ከትቻለሁ።»

«ቁስል ነበረብዎት?»

«አልነበረብኝም።»

«አልሐምዱሊላሂ ይበሉ። ሁለተኛ እንዳይለምድዎት።»

ጓንት አጥልቆ የቡላን ራስ ግራና ቀኝ ጫን አደረገ። ቡላ አቃሰተ። የማስተኛ መርፌ ወጋው። ተኛ። ተኝቶም መንጋጋው አልከፈት አለ።

«ጡንቻው ነው» አለ ሐኪሙ። «ማዮሳይቲስ ይባላል፤ የማኘኪያ ጡንቻ ብግነት። ብርቅ በሽታ ነው፤ እኔም በትምህርት ላይ ሳለሁ ነው የሰማሁት።»

«ይድናል?»

«ጡንቻው ጠባሳ ሆኖ ሳይደርቅ ከደረስንበት።»

ፕሬድኒሶሎን የሚባል፣ ብግነቱን የሚያበርድ ክኒን አዘዘ። የእብደቱ ጥርጣሬ እስኪጠራ ድረስም አሥር ቀን ለብቻው እንዲታሰር፣ ማንም በባዶ እጁ እንዳይነካው አስጠነቀቀኝ። ጓንቱን ለእኔ ሰጠኝ።

ክኒኑን የደሴ አውቶቡስ ሹፌር አመጣልኝ። የቀረው ማብላቱ ነው። ፋጡማ «ሰው ያጣውን አጥሚት ለውሻ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እህል አልነካንም። ሰው ግጦ የጣለውን አጥንት ለቅመን፣ እሷው ራሷ እየቀቀለችው፣ ክኒኑን ፈጭቼ በውኃው እበጠብጥ ነበር። ረጅም አፍንጫ ባለው ማንቆርቆሪያ፣ በጉንጩ ጎን፣ ወደ ሳንባው እንዳይገባ ቀስ እያልኩ አንጠባጥባለሁ። መድኃኒቱ ደግሞ ያስጠማል፣ ያስርባል። አገሩ ሁሉ ተርቦ፣ እኔ ረሃብ የሚጨምር ክኒን አስመጥቼ!

አሥሩ ቀን አለፈ፤ ቡላ አልሞተም፤ እብደት እንዳልሆነ ታወቀ። ከዚያ በኋላ መዳኑ እንደ ዳገት መንገድ ነበር፤ እብጠቱ ቀስ በቀስ እየጎደለ፣ ምላሱ መጀመሪያ ጫፉ ብቻ፣ ቀጥሎም ግማሹ እየወጣ፣ ፋጡማ የቀቀለችውን ውኃ ከሳህኑ ራሱ መላስ እስኪጀምር ድረስ እኔም እሷም ሥራ ፈት ሆነን እሱን ስናይ እንውል ነበር። አንድ ቀን ጓድ ታደሰ «እስቲ የታመመውን ልየው» ብሎ ሲገባ፣ ቡላ ፀሐይ ላይ ተጋድሞ፣ ቀና ብሎ አየውና የመንጋጋ ጥርሱ እስኪታይ አዛጋ። በዚያ ዘመን በሊቀ መንበር ፊት አፉን እንዲያ ከፍቶ ምንም ያልደረሰበት እሱን ብቻ ነው የማውቀው።

የግንባሩ ግራና ቀኝ እንደ ጎደጎደ ቀረ፤ ማኘክ ግን አላቃተውም። በበቅሎዎቹ መካከል አርጅቶ ሞተ። ነርሷ አልተመለሰችም።

እንግዲህ ውሻችሁ ሲበላ ከጮኸ፣ ወይም አፉ አልከፈት ካለ፣ አትፈልቅቁት። እጃችሁንም አትክተቱ፤ በመጀመሪያ የእብድ ውሻ በሽታ አለመሆኑን ሐኪም ይወቀው። አሁን በደም ምርመራ እንደሚለዩት ሰምቻለሁ፤ ሰውነት የገዛ ጡንቻውን ሲወጋ ነው ይላሉ። ፈጥናችሁ ውሰዱት። ዳነ ብላችሁም መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ አታቋርጡ፤ የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው፣ እሱም በወራት።

ሐኪሙን አመሰግናለሁ። ሹፌሩንም፤ ለውሻ መሆኑን አውቆ አልሳቀብኝም። ፋጡማን አመሰግናለሁ፤ እያጉረመረመች አንድም ቀን ሳትቀቅል አልቀረችም። ጓድ ታደሰንም አመሰግናለሁ። ጠመንጃ አስከትሎ መጥቶ፣ ተጠይቆ መልሶ፣ ዓይኑን አምኖ የሄደ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዚያን ጊዜ ከቡላ በሽታ የባሰ ብርቅ ነበር።