ታንከር ተመልካቹ

ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው። የመሥሪያ ቤታችን የጥገና ክፍል ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ስሙን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ከቱታው የደረት ኪስ ቴስተር፣ የዓይን ጠብታና ሚንት ከረሜላ አይጠፋም።

ጠዋት እንደገባ "እስቲ ታንከሩን አይቼ ልምጣ" ብሎ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ፣ ቱታው ጋንጃ ጋንጃ እየሸተተ፣ ፊቱ ላይ የዓለም ሰላም ሰፍኖ ነው። "ሞልቷል" ይላል። ከምሳ በኋላም ደግሞ ያያል። እንደኛ ውሃው የሚታሰብለት መሥሪያ ቤት የለም።

እጁ ግን ወርቅ ነው። የዛሬዎቹ አለቆች ሽቦ ከሽቦ መለየት የተማሩት ከእሱ ነው። የደረጃ ዕድገት ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር "ምን ያስቸኩላል? በሚቀጥለው እወዳደራለሁ" ይላል። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ሲያጨስ፣ የሚቀጥለውን ሲጠብቅ ፀጉሩ ሸበተ።

ታንከሩ እንደሆነ ሕንፃው ፓምፕ ሲገባለት ወርዶ ተሸጧል፤ ከተሸጠ ዘመን የለውም፣ ዓመታት አልፈዋል። ይህን የማያውቅ የለም። ቢሆንም ይሉኝታ ይዞን "ጋሼ፣ ታንከሩ እንዴት ነው?" እንላለን።

ባለፈው ሰኞ፣ እሱ ሥራ ያስለመደው የመጨረሻው ልጅ የክፍሉ ኃላፊ ሆነ። ልጁ አዲሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ በአክብሮት ብድግ አለና "ጋሼ፣ ታንከሩስ?" አለው።

ሰውዬው ከረሜላውን ማኘክ አቆመ።

"ታንከር እኮ የለም" አለ ቀስ ብሎ። "ይሄን ሁሉ ዘመን ስትጠይቁኝ፣ አንዳችሁ እንኳ ወጥታችሁ አላያችሁም።"

ይሄኔ ሁላችንም ድንገት ሥራ በዛብን።