አክስቴ ለማተም የተሻገሩት መንገድ

ይህ ታሪክ ሊነገር ይገባዋል ወይ ብዬ እጠራጠራለሁ። ሰው አልሞተበትም፣ ከብት አልጠፋበትም። አንዲት ፕሪንተር ማተም አቆመች፤ ቆይታ ደግሞ ማተም ጀመረች። ለክፍል ጓደኛዬ ባጫወትኳት ጊዜ «እና?» አለችኝ። ሆኖም ፕሪንተሯን ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ፤ የተንገላቱት ግን አክስቴ ናቸው። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። መሐል ሜዳ፣ ከገበያው በላይ ባለው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ የጽሕፈት ቤት አለቻቸው። ለባለ ጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ለተማሪ የጥናት ወረቀት ያትማሉ። ብርዱ ስለማይቻል የበግ ጠጉር ባና ጭናቸው ላይ ጣል አድርገው ነው የሚተይቡት። ኮምፒውተራቸው አሮጌ ነው። ቫይረስ ደጋግሞ ሲያስቸግራቸው አንድ መምህር ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ጫነላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ማሽኑም እሳቸውም ጤና አገኙ።

ችግር የመጣው አንድ ወጣት አዲስ ማሽን ይዞ ፊት ለፊታቸው ተመሳሳይ ቤት ሲከፍት ነው። ሰዎች በፍላሽ የሚያመጡት ፋይል በአዲስ ፕሮግራም የተጻፈ ነው። በአክስቴ ማሽን ሲከፈት ሠንጠረዡ ይበታተናል፣ መስመሩ ይዘበራረቃል። ሰዉም «ይቅርታ እትዬ» ብሎ ፍላሹን ይነቅልና ወደ ማዶ ይሻገራል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የቤታቸው ኑሮ የቆመው በዚያች ክፍል ላይ ስለሆነ፣ አንድ ሰው በተሻገረ ቁጥር በዓይናቸው ይሸኙታል።

እኔ ዘንድሮ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። እዚያ አንድ ከእኔ በላይ ያለ ተማሪ ስለ ሊኑክስ ጥቂት አሳየኝ። ጥቂት መሆኑን ግን ያን ጊዜ አላወቅኩም። ለኅዳር ሚካኤል ቤት ስመጣ አክስቴ ስለ ፋይሎቹ ነገሩኝ። አዘንኩ ማለት ነበረብኝ፤ እውነቱ ግን ደስ አለኝ። የምጠቅምበት ነገር ተገኘ።

«ሊኑክስ የራሱ ማከማቻ አለው፣ እትዬ» አልኳቸው ወንበራቸው ላይ ተቀምጬ። «ፕሮግራሙ የሚወርደው ከዚያ ነው። ጠባቂዎች አሉት። ከሌላው ጋር መስማማቱን ሳያዩ ምንም አያስገቡም። ልክ እንደ ጓሳ ማለት ነው።»

በእኛ አገር ጓሳ የሚባለው ደጋ የጋራ ነው። ሲዘጋ ከብትም ማጭድም አይገባበትም። ሣሩ ሲደርስ ሽማግሌዎች ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ለቤቱ ክዳን ያጭዳል። ምሳሌውን ራሴ ስላገኘሁት ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

«ታዲያ የእኛው ጓሳ አዲሱን ፕሮግራም አልያዘም?» አሉ።

«ገና ነው። የእኛው የቆየውን ነው የያዘው።»

«እና ከማን ሜዳ ልታጭጂ ነው?»

«ከሚቀጥለው። ያው የነሱው ነው፤ ገና እየተፈተነ ያለው ማከማቻ።»

«ገና እየተፈተነ?»

«ብዙ ሰው ይጠቀምበታል እኮ፣ እትዬ።»

ሳቁ። «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ብሆን ጓሳ ሳይከፈት ማጭድ ይዤ አልገኝም። ሽማግሌ ሲጠራኝ ምን እላለሁ?»

የአዲሱን ማከማቻ አድራሻ ጨመርኩ፤ በስልኬ ዳታ አገናኘሁና የጽሕፈቱን ፕሮግራም እንዲያመጣ አዘዝኩት። የሚጨመሩት የፕሮግራም ጥቅሎች ስም ገጹን ሞልቶ አለፈ። ከታች የሚወገዱት ተዘርዝረው «ልቀጥል?» ብሎ ጠየቀኝ። አክስቴ ከኋላዬ ቆመዋል፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። እኔ ፈተና ላይ ጥያቄውን ደግሜ ሳላነብ የማልመልስ ልጅ ነኝ። ያን ቀን ግን አክስቴን ማስጠበቁ አሳፈረኝና ቀጥል አልኩት። ከሚወገዱት መካከል ማሽኑንና አሮጌዋን ፕሪንተር የሚያግባባው ፕሮግራም ነበረበት።

አዲሱ ፕሮግራም ሲከፈት ያ የተበታተነ ሠንጠረዥ ቀጥ ብሎ ታየ። አክስቴ እልል አሉ፤ ከመንገድ ሰው ዘወር ብሎ አየን።

«አንድ ገጽ እናትመው?» አሉ።

«ቀለሙ ለምን ይባክናል?» አልኳቸው። ቁጠባዬም ያን ቀን በደል ሆነ።

በማግስቱ የገብስ ቆሎ ቋጥረውልኝ፣ መርቀውኝ በሚኒባስ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ እደውላለሁ። «ፋይሉ ይከፈታል ወይ፣ እትዬ?» እላለሁ። «እንደ ቤተ ክርስቲያን በር ወለል ይላል!» ይሉኛል። መልሱ ስለሚጥመኝ ሌላ ጥያቄ አልጨመርኩበትም።

ለገና ስመጣ ከሚኒባሱ እንደ ወረድኩ አክስቴን አየኋቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፍላሿን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መንገዱን ይሻገራሉ። የሚሄዱት ወደዚያ ወጣት ቤት ነው። እሱም ደጃፉ ላይ ቆሞ እኔን ሲያየኝ ጮኸ፦

«የዩኒቨርሲቲዋ! መጣሽ? የእትዬን ማሽን ማንበብ አስተምረሽ ማተም አስረሳሻት አሉ!»

«አንተ ቀላል፣ አፍህን ይዘህ አትም!» አሉት አክስቴ። እሱ ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። እኔ ቦርሳዬን እንደ ተሸከምኩ ቀረሁ።

ነገሩ ገባኝ። ሰዉ ጽሕፈቱን ወደ አክስቴ ያመጣል፤ እሳቸው ይተይባሉ፤ ማሳተሙ ግን እሱ ዘንድ ነው። ከጽሕፈቱ ያገኙት ለእሱ ማተሚያ ይሄዳል። ደግሞ ሲሻገሩ ያየ ባለ ጉዳይ «ምን ያመላልሰኛል?» ብሎ በቀጥታ እዚያው መግባት ጀምሯል። ሰዉን ያሻገርኩባቸው እኔ ነኝ።

«ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አልኳቸው ማታ።

«ፈተና ላይ ነሽ ብዬ ነው። ደግሞ መች ዋሸሁሽ? ፋይሉ ይከፈታል።»

በበዓሉ ማግስት ልጠግነው ሞከርኩ። ለአዲሱ የሚስማማ የፕሪንተር ፕሮግራም ልፈልግ ስል ኔትወርኩ ከመሐል እየተቆረጠ ጥቅሎቹ ግማሽ ግማሽ ሆነው ቀሩ። ወደ ቀድሞው ልመልስም ብል አንዱ ሌላውን እየያዘ አልለቅ አለኝ። አክስቴ ባናቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው «ተይው፣ ብርዱ ነው» አሉ። በዚያ መካከል አንድ ባለ ጉዳይ ገባ። «የወንድሜ ልጅ ናት፤ ማሽኔን ያዘመነችልኝ እሷ ናት» ብለው አስተዋወቁኝ። እየተቀለደብኝ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ከልባቸው ነው።

ደብረ ብርሃን ተመልሼ ያን ሊኑክስ ያሳየኝን ተማሪ ጠየቅኩት።

«የሁለት ዘመን ማከማቻ አደባለቅሽ?» አለኝ።

«አደባለቅኩ።»

«የሚወገደውን አላነበብሽም?»

«አላነበብኩም።»

«ጎበዝ! አያነቡም የሚባሉት ደግሞ እኛ ወንዶቹ ነን።» ከዚያ ቀልዱን ትቶ አሳየኝ። ለካ ለቆየው ሥርዓት ተብለው የሚዘጋጁ አዳዲስ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበት፣ ራሳቸው ጠባቂዎቹ የከፈቱት የጎን ማከማቻ አለ። አዲሱ የጽሕፈት ፕሮግራም እዚያ ነበር። አክስቴን ወደ ሰው ሜዳ ሳላስገባ ከእኛው ደጃፍ ማጨድ እችል ነበር።

ሥርዓቱን እንዳለ፣ የፕሪንተሩን ፕሮግራም፣ አዲሱን የጽሕፈት ፕሮግራምና የሚደገፍባቸውን ጥቅሎች ሁሉ ፍላሽ ላይ አወረድኩ፤ መሐል ሜዳ ላይ ኔትወርክ እንዳያስፈልገኝ። ፈተና አልቆ እረፍት ስንወጣ ይዤው መጣሁ። የኪዳነ ምሕረት በዓል ካለፈ በኋላ፣ መጀመሪያ የአክስቴን ፋይሎች ገልብጬ አስቀመጥኩ፤ ከዚያ ማሽኑን አጽድቼ እንደ አዲስ ጫንኩት። «ልቀጥል?» ባለኝ ቁጥር ዝርዝሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከሞላሌ የመጡ፣ ማመልከቻ የሚያጽፉ አንድ ሽማግሌ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። «ይህች ልጅ ዳዊት ትደግማለች እንዴ?» አሉ።

ማመልከቻው ተተይቦ ሲያልቅ ፕሪንተሯ አንጎራጎረችና የሽማግሌውን ወረቀት አወጣች። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ፊደሉ የጠራ። አክስቴ ወረቀቱን ገና ትኩስ ሳለ ሁለት እጃቸው ላይ አድርገው ወደ ማዶ ዘወር አሉና አዩ፤ ከዚያ ለሽማግሌው ሰጧቸው።

በዚህ መካከል ማያው ጥግ ላይ አንዲት ማሳሰቢያ ብቅ አለች፤ አዲስ ነገር አለ ትላለች። እጄ ወደ እሷ ሄደ።

«አንሺ እጅሽን!»

አክስቴ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ኅዳርም እንዲህ ብለሽ ነው! ያን መንገድ በብርድ በአቧራ ስመላለስ፣ ያ ቀላል ሲስቅብኝ፣ አንቺን ላለማሳፈር አብሬው ስስቅ የከረምሁ ሴት ነኝ እኮ! ሰው አንድ ቀን ‹ፕሪንተሩስ?› ብሎ አይጠይቅም? አንድ ቀን!»

ሽማግሌው ማመልከቻቸውን ገልብጠው ማንበብ ጀመሩ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«ይቅር ብያለሁ። አሁን ተነሽና ወንበሬን ልቀቂ፤ ሰው ቆሟል።»

ዘወር ስል እውነትም በሩ ላይ አንዲት ሴት ፍላሽ ይዛ ቆማለች። ተነሣሁ። አክስቴ ባናቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉና «ግቢ እህቴ፣ እዚሁ ይታተማል» አሏት። ቀኑ የካቲት አሥራ ሰባት ነበር።