የአዞ ቆዳ የለበሰው ቢላዋ፤ ከካዛንቺስ ቄራ

የሆሳዕና ዋዜማ፣ ንጋት፣ ካዛንቺስ

ከቤት የወጣሁት ወፍ ሳይንጫጫ ነው። ሌላው ሰው አክሱም ወይም ጎንደር ደርሶ ሲመለስ ይጽፋል። የእኔ መንገድ ከካዛንቺስ እስከ ቄራ ነው፤ አንባቢ ስንቅ መቋጠር አያስፈልገውም።

በዘንቢሌ ሁለት ነገር ይዣለሁ። አንዱ የባለቤቴ ቢላዋ ነው። ነፍሱን ይማረውና የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ቢላዋውን ያሠራው ከአሮጌ መኪናው ባሌስትራ፣ ከሥሩ ከሚያረገርገው ብረት ነው፣ እጀታው የበሬ ቀንድ ነው። ሌላው አርባ ምንጭ ሙዝ ሊጭን ወርዶ ይዞት የመጣው የአዞ ቆዳ ነው፤ ከክርን እስከ መዳፍ የሚሆን ቁራጭ። "ለቢላዋዬ የክት ልብስ አሰፋለታለሁ" ይል ነበር። ሳያሰፋለት ሄደ። ቆዳው ቁም ሳጥን ውስጥ ከነጠላዎቼ ሥር ተቀመጠ፤ ቢላዋው በጋዜጣ እንደተጠቀለለ ቀረ።

እሱ ካረፈ ወዲህ በየበዓሉ በጋችንን የሚያርድልን ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ነው። እግዚአብሔር ይስጠው፣ አንድም ቀን ፊቱን አጥቁሮብን አያውቅም። ግን ጉልበቱን ታሟል፤ የራሱም ቤተሰብ እኛን ጨርሶ እስኪመለስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ልጄ ብሩክ ደግሞ ሥራ ይዟል፣ ጢም አብቅሏል። ዘንድሮ አንተ እረድ አልኩት። ደም ሲያይ እንደሚያዞረው ነገረኝ። አባትህንም መጀመሪያ አዙሮት ነበር አልኩት። ጥቂት አሰበና፣

"እሺ እማ፣ በአባዬ ቢላዋ ከሆነ አርዳለሁ። በሌላ ግን በቃ፣ አልነካም" አለኝ።

ያን ቢላዋ ማንም አውጥቶት ስለማያውቅ ያመለጠ መስሎት ይሆናል። እኔ ግን ቃል ብዬ ያዝኩት። የአባትን ነገር በጋዜጣ ጠቅልሎ ለልጅ መስጠት ደስ ስላላለኝም ሰገባ ላሰፋለት ተነሣሁ።

አዞ የሚበላ እንስሳ ስላልሆነ የንስሐ አባቴን አስቀድሜ ጠይቄያለሁ። የፋሲካ በግ በሚታረድበት ቢላዋ ላይ ቆዳውን ማልበስ ነውር ይሆን? አባ ሳቅ አያበዙም፤ ያን ቀን ግን ጢማቸው ተንቀሳቀሰ።

"ልጄ፣ አልብሺው እንጂ አትብዪው" አሉኝ።

ማለዳ፣ ወደ ኦሎምፒያ

ካዛንቺስ ገና እየነቃ ነው። የቆርቆሮ አጥር፣ ከአጥሩ ጀርባ የባሕር ዛፍ መወጣጫ የታሰረበት ፎቅ፣ ከፎቁ ሥር ጋዜጣ የሚዘረጋ ሰው። ሚኒባሱ ሲሞላ እኔ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ከረባት ካሰረ ሰውና ቦርሳ ከያዘች ሴት መሀል ገባሁ። ዘንቢሌን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ሾፌሩ ጉድጓድ ሲስት ሌላ ጉድጓድ አገኘ፤ ባለከረባቱ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

"እማማ፣ ምንድን ነው የወጋኝ?"

"ይቅርታ ልጄ፣ የባለቤቴ ቢላዋ ነው።"

ሴትዮዋ ቦርሳዋን አቀፈች። ሾፌሩ በመስታወቱ ነጠላዬን አየ፣ ዘንቢሌን አየ።

"ባለቤትዎስ የት ናቸው እማማ?"

"አርፏል" አልኩ።

ኦሎምፒያ ሳንደርስ ባለከረባቱ ወራጅ አለ ብሎ ወረደ። መውረጃው እንዳልነበረ ያወቅሁት ዞር ብዬ ሳየው እዚያው ቆሞ ሌላ ታክሲ ሲያስቆም ነው። ስለ አዞው አለመናገሬ ጥሩ ሆነ።

ረፋድ፣ መስቀል ፍላወርና ቂርቆስ

ከኦሎምፒያ በእግሬ ቀጠልኩ። መስቀል ፍላወር በዚህ ሰዓት ሲያዩት ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ይመስላል። አንዱ ደጃፍ ጠርሙስ ይጠረጋል፣ ሌላው ደጃፍ ትኩስ ዳቦ ይወርዳል። ካፌ ውስጥ የተቀመጡት ወጣቶች ማኪያቶ ይዘዋል። በሁዳዴ መጨረሻ የማኪያቶ አረፋ ማየት ፈተና ነው፤ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ቂርቆስ ደጁን ተሳልሜ ትንሽ ቆምኩ። ለባለቤቴ ዕረፍትን፣ ለልጄ የማይንቀጠቀጥ እጅ ለመንኩ። ከዚያ ቁልቁል ስወርድ ዘይት መጭመቂያ ቤት አገኘሁ። ሽታው ራሱ ወጥ ያስመኛል። ለሽሮዬ ብዬ በትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ የኑግ ዘይት አስቀዳሁ። አንባቢ ይህን ጠርሙስ ያስታውስልኝ፤ በኋላ ጉድ የሚሠራን እሱ ነው።

ቀትር ሲቃረብ፣ ቄራ

ቄራ በጾም ወራት ዝምተኛ ነው። ልኳንዳ ቤቶቹ ተዘግተዋል። በከፊል በተከፈተ በር ሜንጦዎቹ ባዷቸውን ተንጠልጥለው ይታያሉ፤ ከደጃፉ ሥጋ ቆራጮቹ ነጭ ልብሳቸውን አውልቀው ዳማ ይጫወታሉ። ሥጋው ባይኖርም ሽታው ከግድግዳው አልወጣም።

ጋሽ ሸምሱ ቆዳ ሰፊ ነው። ቤቱ ከአንድ አልጋ ብዙም አይሰፋም፤ ቀበቶ፣ የመሣሪያ ቦርሳ፣ የተበጠሰ ጫማ ተንጠልጥሎበታል። ወጣት ሳለ ለካህናት የዳዊት ማኅደር ይሰፋ እንደነበር ሲነግረኝ ልቤ አረፈ። ለዳዊት ቤት የሠራ እጅ ለቢላዋ አያንስም።

የአዞውን ቆዳ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ስንት ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ እንደቆየ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ይሄ አዞ ከሞተ በኋላ የኖረው ይበልጣል ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ለውስጡ ወፍራም የበሬ ቆዳ ውሃ አጠጥቶ በቢላዋው ልክ አጠፈው። ስለቱ ክሩን እንዳይቆርጥ በጠርዙ ቀጭን የቆዳ ድርብ አስገባ። በወስፌ እየበሳ፣ ሰም በጠጣ ክር እየመለሰ ሰፋ። የአዞውን ቆዳ ጀርባውን ፍቆ ፍቆ እንደ ጨርቅ አሳሳው፤ አርጥቦ፣ ማጣበቂያ ቀብቶ በላዩ ወጠረው። የሆዱ ሰፋፊ ቅርፊት ከፊት ዋለ፣ ስፌቱ ከኋላ ተደበቀ። እንዲህ ያለ ሰገባ ቢላዋው ውስጡ ሆኖ ነው የሚደርቀው።

"ቆዳ እርጥብ ሳለ ያቀፈውን አይረሳም" አለኝ።

ይህን ሲል ከመደርደሪያው አንድ ጣሳ አወረደ፤ በጣቱ ነጭ ነገር ዛቀ።

"ምንድን ነው እሱ ጋሽ ሸምሱ?"

"ሞራ ነው እትዬ። ብረቱ በእርጥቡ እንዳይዝግ።"

"ሁዳዴ እኮ ነው።"

እጁ አየር ላይ ቀረ። ሞራውን አየ፣ ቢላዋውን አየ፣ እኔን አየ።

"ቢላዋውም ይጾማል እንዴ?"

"እኔ ቤት ያለ ሁሉ ይጾማል።"

"እኛ እንኳን ስንጾም ማታ ማታ እንፈታለን" አለና ቢላዋውን በሐዘኔታ ነቀነቀው፤ "አይ ምስኪን ብረት።"

ጠርሙሴን ከዘንቢል አወጣሁ። እሱ ኑግ ቀብቶ አያውቅም፣ እኔም ሰገባ አሰፍቼ አላውቅም። ዘይት ዘይት ነው ተባባልንና ተስማማን። እንዳይሰስት ለመንኩት፤ እሱም አልሰሰተም። ቢላዋው ወደ ሰገባው ሲገባ ዘይቱ በአፉ ሞልቶ ወረደ። እንዲደርቅ እሱው ዘንድ ትቼው ተመለስኩ።

የሕማማት ረቡዕ፣ ደግሞ ቄራ

ጋሽ ሸምሱ ሲያየኝ እጁን ሊዘረጋ ብሎ፣ ሰላምታ የማንለዋወጥበት ሳምንት መሆኑ ትዝ አለውና እጁን መለሰው። በጉንጬ ሳልስመው፣ በእጄ ሳልጨብጠው አመሰገንኩት።

ሰገባው አምሮ ነበር። ቅርፊቱ እንደ ወንዝ ዳር ጠጠር ያብለጨልጫል፤ ከአንገቱ ላይ ቀበቶ የሚያልፍበት ማንጠልጠያ አለው። ጋሽ ሸምሱ የተቀበለኝ የእጁን ብቻ ነው፤ የተረፈችውን ቁራጭ ቆዳ ትቼለት ስሄድ ከቤቱ ወጥቶ ሸኘኝ። ከውስጥ ገና ስላልደረቀ እስከ በዓሉ ጠዋት ቢላዋውን እንዳልመዘው አደራ አለኝ።

"እስከዚያ አይንኩት እትዬ። ሱባኤ ይያዝ።"

ቤቴ ገብቼ በቶሎ ይድረቅለት ብዬ ከቡታጋዙ በላይ ሰቀልኩት። የሽሮው እንፋሎት ሲወጣበት፣ ሙቀቱ ሲያገኘው ሰነበተ።

የፋሲካ ጠዋት፣ ካዛንቺስ

ከቅዳሴ ተመልሰን በተልባ ሆዳችንን አለሳልሰን ጥቂት ጋደም ብለን ነበር። ዶሮ ወጡ ገና አልቀረበም፤ በጉ ሳይታረድ አንበላም ብያለሁ። ሲነጋ ጋሽ ታደሰ መጣ። ለማየት ነው የመጣሁት ቢልም የራሱን ቢላዋ በጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል።

ብሩክ እጁን ታጠበ። ሰገባውን ሰጠሁት። ቅርፊቱን በጣቱ ዳበሰው። አባቱ ስላለው የክት ልብስ ሰምቶ ነው ያደገው። ከዚያ እጀታውን ያዘና ሳበ።

ቢላዋው አልወጣም።

ደግሞ ሳበ። ከልቡ ነው የሳበው ብዬ አልምልም። ጋሽ ታደሰ ሰገባውን፣ እሱ እጀታውን ይዘው ተሳሳቡ፤ ቢላዋው ንቅንቅ አላለም። ኑግ ሲሰነብትና ሲሞቅ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ኑግ የደረቀበት ድስት ያጠበ ሁሉ የሚያውቀው ነገር፣ ለእኔና ለጋሽ ሸምሱ ብቻ አልታየንም። በጉ ሣሩን እያላመጠ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየን።

"የአዞ አፍ እንዲህ ነው፤ የነከሰውን አይለቅም" አለ ጋሽ ታደሰ። ቀጥሎም በብብቱ ያለውን ጨርቅ ፈታ። "በል ብሩኬ፣ የኔን ውሰድ። ካልሆነም እኔው ልጨርሰው።"

ብሩክ ወደ እኔ ተመለከተ። ቃሉ በአባቱ ቢላዋ ነበር፤ በሌላ አልነካም ብሏል። አሁን ነጻ ነው፤ ማንም አይወቅሰውም። የዛሬ ዓመትም የጋሽ ታደሰን በር የምናንኳኳ መሰለኝ፤ ዓይኔን ወደ በጉ መለስኩ።

"ትንሽ ቆይ ጋሼ" አለ ልጄ፣ ሞባይሉን እያወጣ። "እማ፣ የቆዳ ሰፊውን ቁጥር ስጪኝ።"

ጋሽ ሸምሱ ነገሩን ሲሰማ ሳቁ ከስልኩ አልፎ ግቢው ገባ። እንኳን አደረሳችሁ አለን፤ ከዚያ ስልኩን ለእኔ እንዲሰጠኝ ጠየቀ።

"እትዬ፣ ዛሬማ ጾሙ ወጥቷል አይደል? በሉ ሞራ ይስጡት።"

"ሞራው ያለው በጉ ውስጥ ነው" አልኩት፤ "በጉን የሚከፍተው ደግሞ ሰገባው ውስጥ ነው።"

ደግሞ ሳቀ። "እንግዲያ ቅቤ ሳይኖር ፋሲካ ገባ?"

ብሩክ ይህን ሲሰማ ወደ ማዕድ ቤት እየሄደ ነበር። ለዶሮው ካነጠርኩት ቅቤ በጭልፋ ይዞ መጣ። ሰገባውን እኔ ያዝኩ፤ እሱ ትኩሱን ቅቤ በእጀታው ሥር አንጠባጠበ። ጠበቅን። ጋሽ ታደሰ እንቁላልም ይጨመርለት እንደሆነ ጠየቀ። ኮረሪማው ሸተተ።

ብሩክ እጀታውን ጨበጠ። አሁን ከልቡ ነው የሳበው፤ ክንዱ ላይ የአባቱ ሥር ሲገተር አይቻለሁ። ቢላዋው እንደ መተንፈስ ያለ ድምፅ አሰማና ወጣ። ዝገት አልነካውም። ቅቤው በስለቱ ላይ ይወርዳል።

በስመ አብ ብሎ ሲጀምር ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ እጁ ግን አልተንቀጠቀጠም። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ ተመስገን አልኩ።

ጋሽ ታደሰ የራሱን ቢላዋ መልሶ በጨርቁ ጠቀለለና ገና ጠዋት ወደ ቤቱ ሄደ። ስንት ዓመት ሙሉ ሲጠብቁት የኖሩ ልጆቹ በጊዜ ሲያዩት ምን እንዳሉ አልሰማሁም። እኛም ዶሮውን ያቀረብነው ከዚያ በኋላ ነው። ዘንድሮ በቤታችን ከሁላችን ቀድሞ የገደፈው ቢላዋው ነው።