ኢንጂነሩ ያመጣው ፓራፋንጎ

ልብስ ሰፊዋ ከሟች ባሏ የቀረላት ንብረት፣ በዕድሜ ልጆቿን የምትበልጥ ነጭ መኪና ነበረች። ጨርቅ ታመላልስባታለች፣ የተሰፋውን ለደንበኞቿ ታደርስባታለች። አንድ ቀን ጠዋት መኪናዋ በር ላይ እንደቆመች አንድ የውሃ ቦቴ ወደ ኋላ ሲል የፊት ግራ ጎኗን ጨፈለቀው። ሹፌሩ ወርዶ አየና፣ «ድሮም አርጅታለች» ብሎ ሄደ። ይቅርታ የጠየቀ መስሎት ይሆናል።

የጋራዡ ቀጥቃጭ ሽማግሌ ናቸው። መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ኮፈኑን አቀናዋለሁ። ጎማውን የሚሸፍነው ፓራፋንጎ ግን አልቆለታል፤ አዲሱን ማምረት ካቆሙ ቆይተዋል። ልኩ የሆነ አሮጌ ፈልጊ፣ ልጄ» አሏት።

ይህን የሰማ የባሏ ወንድም ሳይጠራ ደረሰ። ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። አንዲት ብሎን ፈትቶ መልሶ ሲያስር ያየው ሰው ግን የለም።

«አንቺ መርፌሽን ያዢ፤ ይሄ የወንድ ሥራ ነው» አላት።

የወንዱ ሥራ ሁለት ሳምንት ፈጀ። መጀመሪያ ያመጣው ፓራፋንጎ በሁለት ጣት ረዝሞ በሩን አላስከፍት አለ። «ትንሽ ቢሞረድ ይገባል» ብሎ ሞረዱን ራሱ አነሳ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንዲሉ፣ የደህናውን በር ቀለም ልጦት አረፈ። ሁለተኛው ቁመቱ ልክ ነበር፤ ችግሩ የቀኝ መሆኑ ነው። ኢንጂነሩ አገላብጦ አየውና፣ «ገልብጠን ብናስረውስ?» አለ። ቀጥቃጩ መዶሻቸውን አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«ወንድምዓለም» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ «የቀኙን እጅጌ በግራ ትከሻ ላይ የሰፋሁ ዕለት አማክርሃለሁ።»

በማግስቱ ሱቋን ዘጋች። ያልተጎዳውን የቀኝ ጎን በወፍራም ወረቀት ሸፍና ዳር ዳሩን ነደፈች፤ የብሎኖቹን ቀዳዳ አንድ በአንድ ምልክት አደረገች። እጅጌ እንደምትቆርጥ ቆርጣ ወረቀቱን ገለበጠችው። የግራው ልክ ተገኘ። ኢንጂነሩ «መኪና በወረቀት ሊጣፍ ነው» እያለ በየሱቁ ሲስቅ ዋለ።

የተፈታቱ መኪናዎች የሚሸጡበት ግቢ ባለቤት ከመኪና በተነቀለ ወንበር ላይ ተንፈላሶ ተቀበላት። ያነሳችውን ሁሉ «ልጄን ይንሳኝ፣ ልክክ ይላል» ይላል። ወረቀቷን ስታሳርፍበት አንዱ ይሰፋል፣ የሌላው ቀዳዳ አልገጥም ይላል።

«ስንት ልጅ አለህ?» አለችው በሦስተኛው።

«ሁለት። ምነው?»

«በሦስት ፓራፋንጎ ማልክ። አንዱ ልጅ የጎረቤት መሆን አለበት።»

ከዚያ ወዲያ መማሉን ተወ። ግቢው ጥግ ወደቆመች አንዲት አሮጌ አረንጓዴ የጭነት መኪና ስትሄድ ግን አላስቻለውም።

«እሷ እኮ የጭነት ናት፤ ያንቺ የቤት መኪና ነው» አላት።

ወረቀቱን አሳረፈች። አምስቱም ቀዳዳ ገጠመ። ሁለቱን የሠራቸው አንድ ፋብሪካ ኖሮ፣ ከኋላ እንጂ ከፊት አይለያዩም። የግራ የፊት መብራቱንም ከነማቀፊያው አስፈታችው።

ቀጥቃጩ ሲያስሩት ሞረድ አላነሱም። አረንጓዴውን ብረት ነጭ ልቀባልሽ ወይ ሲሏት፣ «ይቆይ፣ ሰው ይየው» አለች።

ኢንጂነሩም መጣ። በጣቱ ኳ ኳ አደረገና ለቆመው ሰው ሁሉ፣ «እኔም ያልኳት ይሄንኑ ነበር» አለ።

«አንተ ያላልከው ምን አለ» አለችው። ጨርቋን ፊት ወንበር ላይ ከምራ ወደ ደንበኞቿ ሄደች።