የአባባ ዶይሶ ድስት

አስታማሚ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን በሩ አልከፈት አለ። የቀበሌው ጸሐፊ ቁልፉን ወደ ቀኝም ወደ ግራም አዞረ፤ ተሳደበ፤ ላብ አጠመቀው። ከኋላው ቆሜ ትንሽ ካየሁት በኋላ፣ «ከታች በጫማህ መታ አድርገውና አዙረው» አልኩት። መታው፣ ተከፈተ።

«እንዴት አወቅህ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ ያሠራሁት።»

ቤቱ የቆዳ መጋዘኔ ነበር። አዋጁ ሲወጣ ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰ፤ ባዶውን ቆሞ ከርሞ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን መጦሪያ ሆነ። ሱቄም በዚያው ሰሞን ተዘግቶ ነበር። ከጂንካ አልዱባ ገበያ እየተመላለስኩ ቆዳ ስገዛ፣ ጨው፣ ምላጭና አቡጀዲ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ፀሐይ የምሞቅ ሥራ ፈት ሆንኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራኝና፣ «እስከ ዛሬ ሕዝቡን ስትበዘብዝ ኖረሃል፤ ከእንግዲህ ታገለግለዋለህ» አለኝ። ደመወዝ አለው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አለው አለ። እንግዲያው ላገልግል አልኩ።

የመጦሪያው ኃላፊ ሲስተር አልማዝ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማትናገር ነርስ ነበረች። ከእሷ በታች አንድ ድሬሰር፣ ከድሬሰሩ በታች እኛ ሁለት አስታማሚዎች፣ ከእኛ በታች ማንም የለም። ወጥ ቤቷ ወይዘሮ በላይነሽ ራሷን ከድሬሰሩ በላይ አድርጋ ነበር የምትቆጥረው። የምግቡን ጭልፋ የያዘችው እሷ ስለሆነች ማንም አልተከራከራትም።

የመጀመሪያው ትምህርቴ ሰው ማገላበጥ ነበር። ጉልበት አልጎደለኝም፤ ጆንያ ስሸከም የኖርኩ ነኝ። አንዱን ሽማግሌ ብብቱ ስር ገብቼ ብድግ ሳደርገው ሲስተር እጄን ያዘችኝ።

«ጋሽ ሰይፉ፣ እሱ ጨው አይደለም። አንድ እጅዎን ከትከሻው ስር፣ አንዱን ከዳሌው ስር ያስገቡ። ከዚያ ወደ ራስዎ ያንከባልሉት። መጀመሪያ ግን ላገላብጥህ ነው ብለው ይንገሩት።»

«መስማት አይችልም እኮ።»

«ቢሆንም ይንገሩት።»

ነገርኩት። ከዚያ ወዲያ ላስቲኩን ሳልጨማድድ አንሶላ ማንጠፍ፣ ፖፖ ከስር ማስገባትና ሳያንጠባጥቡ ማውጣት፣ ጀርባን በጨው ውሃ አጥቦ ቫዝሊን መቀባት፣ ቀላ ያለ ቆዳ ሳይቆስል በፊት መለየት ተማርኩ። ቆዳ ማወቅ እንኳ ድሮም ሙያዬ ነበር፤ የበሬና የፍየል መሆኑ ነው እንጂ። ክረምት ሲገባ ግድግዳው የድሮውን የቆዳ ሽታ መልሶ ያወጣዋል። ድሬሰሩ ሽታውን በበሽተኞቹ ያሳብብ ነበር። እኔ ዝም እል ነበር።

ከተጧሪዎቹ ስለ ሁለቱ ልንገራችሁ። አባባ ዶይሶ የአሪ ገበሬ ነው። ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ ደጃፉ ላይ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ደግሞ ደግፈን ወንበር ላይ ካላስቀመጥነው አይንቀሳቀስም። ልጆቹ ሞተውበታል። እማማ ማርታም የአሪ ተወላጅ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሸክላ ስትሠራ የኖረች፣ ጉልበቷ ቢደክምም እጇ ያልደከመ ሴት። ጎጆዋ ተቃጥሎባት ነው የመጣችው።

በዚያ አገር በዚያ ዘመን ገበሬና ሸክላ ሠሪ አብረው አይበሉም። ገበሬው ሸክላ ሠሪ ያበሰለውን አይቀምስም፣ ቤቷ አይገባም፣ ቤቱ አያስገባትም። አዲሱ መንግሥት ይህ ቀርቷል ብሎ አውጇል። ሰዎቹ አዋጁን ሰምተዋል፤ እንደሰሙ ቤታቸው ገብተዋል። እኛ ዘንድ ሁሉም በየአልጋው ስለሚበላ ነገሩ ተሸፋፍኖ ይኖር ነበር።

አንድ ቀን ሊቀመንበሩ አናጢ አስከትሎ መጣ። ከአውራጃ ጎብኚዎች ሊመጡ ነው። ከመጋዘኑ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ ረጅም ጠረጴዛ ተሠራ። «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም በአንድ ገበታ!» አለ።

ሲስተር፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ትንሽ ቢቆይስ? ሰዎቹን ላነጋግራቸው» አለችው።

«አብዮቱ ሰው እስኪነጋገር አይጠብቅም።»

በምሳ ሰዓት ደግፈንም ተሸክመንም አስቀመጥናቸው። ኩርኩፋ ነበር የቀረበው፤ የበቆሎ ድብልብል ከጎመን ጋር። እማማ ማርታ መጥታ ወንበሯን ስትስብ የገበሬዎቹ እጅ ተራ በተራ ከሳህኑ ተነሣ። ከጎኑ ያለው ሰው ለአባባ ዶይሶ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። አባባም እጁን ሰበሰበ።

እማማ ማርታ ዙሪያውን አየች። ተነሣች፤ ወደ በርሜሉ ሄዳ ምንም ያልነካችበትን እጇን ታጠበች፤ አልጋዋ ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሌሎቹ በማግስቱ በየአልጋቸው ሳቀርብላቸው በሉ። አባባ ዶይሶ ግን እምቢ አለ። ማርታ ወጥ ቤት ገብታ ጎመን ስትቆርጥ እንደምትውል ያው ጎረቤቱ ነግሮታል፤ ራሱ ግን እንዳላየ ሆኖ ይበላል። ከዚያ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም አልወስድ አለ። ለመንኩት፤ ሲስተር ለመነችው። ወይዘሮ በላይነሽ ጭልፋዋን ይዛ መጥታ፣ «እኔ ነኝ የሠራሁት፣ በእመቤቴ!» ብላ ማለች። «ጎመኑን ማን ቆረጠው?» አላት። በውሸት መማል አትወድምና ተመለሰች።

የማይበላ ሰው ጀርባ ቶሎ ይበላሻል። ወገቡ ላይ የነበረው ቅላት ቁስል ሆነ።

ሊቀመንበሩ ሲሰማ ተቆጣ። በኋላ ቁጣው ቀዝቀዝ ሲል መላ አገኘ። «የችግሩ መነሻ ሴትዮዋ ናት። ጎብኚዎቹ ሳይመጡ ወደ መጣችበት ትሂድ።»

«የመጣችበት ተቃጥሏል» አለችው ሲስተር።

«ዘመድ አይጠፋትም።»

የእኩልነቱ ገበታ እንዲያምር ሸክላ ሠሪዋ መውጣቷ ነው። ሳቄ መጣ፤ ግን የሚሳቅበት ቦታ አልነበረም።

ሲስተር ሊቀመንበሩን ስትሸኝ እኔ ወደ እማማ ማርታ አልጋ ሄድኩ። ጥቂት ጨርቆቿን በነጠላዋ እየቋጠረች ነበር። ሰምታለች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ገበያ ዳር አላጣም» አለች። ከዚያ ወደ አባባ ዶይሶ አልጋ በአገጯ እያመለከተች፣ «ይሄ ሰው የእናቴን ድስት በትከሻው ተሸክሞ ቤቱ ሲያስገባ አይቻለሁ። ድስቱን አይፈራም። እጄን ነው የሚፈራው» አለች።

ይህን ያለችው በምሬት ነበር። እኔ ግን ነጋዴ ነኝና ሌላ ነገር ሰማሁ። ገበያው ዓይኔ ላይ መጣ። ገበሬው ድስት ሊገዛ ሸክላ ሠሪዋ ፊት ቁጢጥ ይላል። ድስቱን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ያጣጥላል። እሷ ትሰድበዋለች፣ እሱ ይሰድባታል፤ ግማሽ ቀን ይከራከራሉ። ከዚያ ገዝቶ ይሄዳል፤ ሚስቱ አሟሽታ ታበስልበታለች፤ በልቶ ያድራል። እነዚህ ሁለት ሰዎች መነጋገር የሚያውቁት በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ ገበታ አመጣላቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ገበያ ነበር።

ለሲስተር ነገርኳት። «አይሠራም» አለች። ቆይታ፣ «ይሞክሩት» አለች።

የግቢው ዘበኛ ከወንዝ ዳር ጭቃ አመጣ። እማማ ማርታ መጀመሪያ አኮረፈች። ጭቃውን በጣቷ ጨመቅ አድርጋ፣ «ይሄ አሸዋ ነው፤ ለቤት መለሰኛ እንጂ ለድስት አይሆንም» አለችና ዘበኛውን መልሳ ላከችው። ደግሞ መለሰችው። ያን ጊዜ እንደማትሄድ አወቅኩ። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ሠራች፣ በጠጠር አለሰለሰች፣ ጥላ ሥር አደረቀች፣ በሣርና በጭራሮ ተኮሰች። ለማድረቂያ ጥላ ያለው ሰፊ ቦታ ስላልነበረ ድስቶቹን የደረደርነው በዚያ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነው።

አባባ ዶይሶን ፀሐይ ይሙቅ ብዬ በወንበሩ አወጣሁት። ደክሟል፤ አንገቱ ዘንበል ብሏል። ትንሿን ድስት ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

«አባባ፣ ይህችን ልገዛ ነበር። እኔ የጨው ነጋዴ ነኝ፣ ድስት አላውቅም። እስቲ ይዩልኝ።»

ድስቱን በመዳፉ ዳሰሰ። ከዚያ ጣቱ በራሱ ጊዜ ተነሥቶ አንኳኳ። ጆሮውን አስጠጋ። እንደገና አንኳኳ።

በአሪኛ ነው የተነጋገሩት፤ ገበያ ያስተማረችኝን ያህል ስለምሰማ በአማርኛ እነግራችኋለሁ።

«በደንብ አልበሰለም» አለ።

እማማ ማርታ ከምንጣፏ ሳትነሣ፣ «ያልበሰለው ጆሮህ ነው!» አለችው።

«ከንፈሩ ወፍራም ነው። የማን ሥራ ነው?»

«የሚገዛ ሰው ነው የሚጠይቅ። አንተ መቼ ገዝተህ ታውቃለህ? ሙሉ ገበያ አንኳኩተህ ባዶ እጅህን የምትገባ!»

«የእናትሽ ድስት ሲነካ ይጮህ ነበር። ይሄ ያጉረመርማል።»

«እንደ ባለቤቱ ነዋ!»

ሽማግሌው ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ክርክሩ ምሳ ሰዓትን አሳለፈ። እሱ አጣጣለ፣ እሷ ረገመች። እኔ መሃል ገብቼ አስታራቂ ልሁን ብል ሁለቱም በአንድ አፍ «አንተ ዝም በል!» አሉኝ። በመጨረሻ ከወገቡ የትንባሆ ቋጠሮውን ፈታ። እኔ ወስጄ ሰጠኋት። አሸተተች፤ «አሮጌ ነው» አለች፤ ግን ቋጠረችው።

«ነጋዴው፣ አሟሽልኝ» አለኝ አባባ።

ዘይት ቀብቼ፣ ጎመን ቀቅዬበት ደፍቼ አሟሸሁለት። እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ እያዳመጠ፣ ለብቻው በተጎለተ ጉልቻ ላይ ጎመንና ጎደሬ ሠራሁለት። ጎመኑን ራሴ ቆረጥኩት፤ ጠይቆኛል። በላ። ሲስተር በመስኮት እያየች ነበር፤ ዘወር ብላ ተናፈጠች።

በሳምንቱ ሌሎቹም ገበሬዎች «የእኛስ?» አሉ። እያንዳንዳቸው ተከራክረው ገዙ። ወይዘሮ በላይነሽ፣ «ወጥ ቤት ነው ወይስ የሸክላ ተራ?» እያለች ብታማርርም ጉልቻ ጨመረች።

ጎብኚዎቹ መጡ። ሊቀመንበሩ ከፊት እየመራ ገባና የእኩልነቱ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩትን ድስቶች ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። የጎብኚዎቹ አለቃ አንዱን አንሥቶ አገላብጦ፣ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ሊቀመንበሩ ወደ ፊት ቀረበ። «የአረጋውያኑ የምርት ክፍል ነው፣ ጓድ። በእኛ በኩል የተቋቋመ።» አለቃው ተደሰተ፤ አንድ ድስትም ይዞ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ እማማ ማርታ ትሂድ የሚል ነገር ተነሥቶ አያውቅም። የምርት ክፍሉ እሷ ነበረቻ።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። አባባ ዶይሶ ከዓመት በላይ እንዲያ ሲበላ ከኖረ በኋላ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ይደፋል። እኔ ሳጎርሰው ይተፋል። «አንተ እንደ ነጋዴ ትቸኩላለህ» ይለኛል። ድሬሰሩ ሞከረ፤ ትን አለው። እንደገና መክሳት ጀመረ። ቁስሉ እንዳያገረሽ ሲስተር ፈራች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሳጎርሰው አፉን ዘጋብኝ። «ሸክላ ሠሪዋ የት አለች?» አለ።

እማማ ማርታ ሁለት አልጋ አልፋ ተቀምጣለች። ሰምታለች፤ አልተንቀሳቀሰችም።

«ስም አለኝ» አለች።

 ጎረቤቱ ገበሬ አንገቱን ቀና አደረገ። አባባ ዶይሶ ያልጠፋ ዓይን ያለው ይመስል ጣራውን ያይ ነበር። ስሟን ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም። የሚያውቀው አልመሰለኝም ነበር።

«ማርታ» አለ።

በምርኩዝ ቀስ ብላ መጣች። ከወንበሬ ተነሣሁላትና ተቀመጠች። ማንኪያውን ግን አልያዘችም።

«ከእጄ ትበላለህ?»

 ድስቱን በጣቱ ፈልጎ አገኘና አንኳኳው።

«ድስቱ የኔ ነው» አለ።

«ያንተ ነው። እኔ ነኝ የሸጥኩልህ።»

አፉን ከፈተ። ማርታ ጎደሬውን በማንኪያው ጀርባ አድቅቃ ጥቂት ጥቂት እያደረገች፣ እስኪውጥ እየጠበቀች አጎረሰችው። ስትጨርስ አፉን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። ጎረቤቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር፤ እሱ እስኪሞት ከእጇ አልበላም።

አባባ ዶይሶ እስኪያልፍ ድረስ ያጎረሰችው እሷ ናት፤ እየተሰዳደቡ። ሲቀበር ቁስሉ ደርቆ ነበር። አልጋው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ድስቱንም ለአዲሱ ሰው ልሰጥ ሳነሣው እማማ ማርታ ተቀበለችኝ። «የሰው ዕቃ ነው» አለችና መደርደሪያ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

መንግሥት እስኪለወጥ በዚያ ቤት ሠራሁ፤ ብዙ አስታማሚም አሠለጠንኩ። ሁሉንም የምላቸው ይህን ነበር፦ አንድ ተጧሪ አልበላም ሲል ወደ ሐኪም ከመሮጣችሁ በፊት ማን እንደሠራው፣ በምን እንደቀረበ፣ አጠገቡ ማን እንደተቀመጠ ጠይቁ። መልሱ ባያስደስታችሁም መነሻችሁ እሱ ነው። ማንኪያው ከዚያ በኋላ ይነሣል።